ጋሼ ይግዛው ብስክሌት ሲመርጡ

ጋሼ ይግዛው ስለ ብስክሌት የሚያውቁት ሁለት ጎማ እንዳለው ብቻ ነው። እሱንም ቢሆን ቆም ብለው ካላዩት እርግጠኛ አይደሉም። እኚህ ሰውዬ ናቸው እንግዲህ ዓርብ ረፋድ ላይ፣ አፍሪዳር ሰፈር፣ ብስክሌት ቤቱ በር ላይ፣ ያንን የበዓል ኮታቸውን ለብሰው፣ ሳምቡሳ መሰል ቡሬካስ የያዘ ከረጢት አንጠልጥለው፣ «ብቻሽን ስትመርጪ እንዳያታልሉሽ ብዬ ነው የመጣሁ፣ ልጄ» ብለው የተገተሩብኝ።

እኔ ትዋበች እባላለሁ። ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል በአውሮፕላን ሲያመጡን ልጅ ነበርኩ፤ አሁን እዚሁ አሽቀሎን አውቶቡስ እነዳለሁ። ስንት ዘመን መሪ ጨብጬ ሰው ሳመላልስ ኖሬ፣ ዘንድሮ በገዛ እግሬ ልሂድ ብዬ ተነሳሁ። ከአሽቀሎን እስከ ኤላት፣ በረሃውን አቋርጬ፣ ድንኳኔን ጭኜ፣ በብስክሌት። እሁድ ነው የምነሳው። ጋሼ ይግዛው፣ የአባቴ ታናሽ ወንድም፣ ይህን የሰሙ ዕለት «ሴት ልጅ ብስክሌት ላይ? ኧረ ጉድ ነው!» ብለው አኩርፈውኝ ሰነበቱ። አሁን ደግሞ ሊመርጡልኝ መጡ። እውነቱን ልናገር፣ ግራ ገባኝ እንጂ ደስ አላለኝም።

የብስክሌት ቤቱ ባለቤት ሻሎም ዝግ ያለ ሰው ነው። ሁለት አቅርቦልኝ ነበር። አንደኛው በአንድ እጅ የሚነሳ፣ የሚያብረቀርቅ፤ ሌላው ከብረት የተሠራ፣ ደልደል ያለ፣ መልክ የሚባል ያልጎበኘው። «ቀላሉ ለሽርሽር ነው» አለኝ። «አንቺ ውሃ፣ ምግብና ድንኳን ነው የምትጭኚው። ይሄኛው ቁመቱ ረዘም ይላል፤ ፔዳል ስትረግጪ ተረከዝሽ ከኋላው ሻንጣ ጋር አይጋጭም። ብረቱ ቢሰነጠቅ ደግሞ መንገድ ላይ ያገኘሽው ጋራዥ ሁሉ ይበይድልሻል።» እኔም ሹፌር ነኝ፤ ጭነት መኪናን ምን እንደሚያደርገው አውቃለሁ። ብረቱን መረጥኩ። ነገሩ እዚህ ላይ ማለቅ ነበረበት።

ጋሼ ይግዛው ግን ገና መጀመራቸው ነበር።

«ጎማው ቀጠነ» አሉ። ሻሎም ሰፊ ጎማ አመጣ፤ ለጠጠር መንገድ እውነትም ይሻላል አለ። እሺ። ቀጥሎ ኮርቻው ጠበበ። ኮርቻው ተቀየረ። ቀጥሎ ከኋላ ያለው የዕቃ መጫኛ፣ ጥቁሩ ተነስቶ ነጩ ይግባ። ለምን? «ጥቁር ፀሐይ ይስባል።» የአምላክ ያለህ! ብረት ነው እኮ ጋሼ፣ ቲማቲም አይደለም! «ይሁን ልጄ፣ ላንቺው ብዬ ነው» ይላሉ፤ ድምፃቸው ደግሞ ለስልሷል። ጋሼ ይግዛው ሲለሰልሱ አይቼ አላውቅም። እኚህ ሰው የሠርጌ ዕለት እንኳ ሲቆጡኝ ነው የዋሉት።

ሻሎም ብስክሌቱን ማቆሚያው ላይ አስሮ እላዩ ላይ አወጣኝ። «ተረከዝሽን ፔዳሉ ላይ አድርጊና ወደ ታች ግፊ። ጉልበትሽ ቀጥ ካለ ኮርቻው ልክ ነው።» ቀጥ አላለም፤ ኮርቻውን ትንሽ ከፍ አደረገው። እዚያ ላይ ተሰቅዬ ሳለሁ ጋሼ ይግዛው ጠጋ ብለው፣ «ስልኬ ባትሪ ጨርሶብኛል፤ እስቲ ያንቺን አውሺኝ» አሉ። ሰጠኋቸው። በሩ ላይ ወጣ ብለው ቆሙ፤ ለማንም ሲደውሉ ግን አላየሁም። ሲመለሱ ስልኬን ኮታቸው የውስጥ ኪስ ውስጥ ከተቱት። «ጋሼ፣ ስልኬን…» ከማለቴ፣ «ፍሬኑስ? ይሄ ፍሬን ላልቷል እኮ!» ብለው ሻሎም ላይ ጮሁበት። ሻሎም የፊቱን ፍሬን ሽቦ ፈታው። ፊቱ ላይ ትዕግሥቱ እያለቀ እንደሆነ ይታያል። ዓርብ ነው፤ ሰንበት ሳይገባ ዘግቶ ቤቱ መግባት ይፈልጋል።

«ቡሬካሱን ብዪ እንጂ» አሉኝ ጋሼ ይግዛው።

«አልራበኝም።»

«ትንሽ ቅመሺ። ባዶ ሆድሽን አትሁኚ።»

«ጠዋት በልቻለሁ አልኩ እኮ ጋሼ!»

«ስለ አባትሽ ብለሽ!»

ይህን ብለው እሳቸው ራሳቸው ደነገጡ። እኔን ያስደነገጠኝ የሳቸው ድንጋጤ ነው። ወዲያው ኮታቸው ውስጥ ስልክ ጮኸ። የኔ አይደለም፤ የኔን ድምፅ አውቀዋለሁ። ባትሪ ጨረሰ የተባለው ነው። ደረታቸውን በመዳፋቸው ተጭነው እስኪዘጋ ጠበቁ። ዝም አለ። እንደገና ጮኸ። እንደገና ተጫኑት።

ያን ጊዜ እግሬ ፔዳሉ ላይ ደረቀ።

እኛ ዘንድ ሞት በስልክ አይነገርም። የሞተበት ሰው አገር ሰላም ብሎ ሥራውን ይሠራል፤ ሌላው ሁሉ ያውቃል። ሽማግሌ ይሰበሰባል፣ ዘመድ ከያለበት ይጠራል፣ ሰውየው ወሬው እንዳይደርሰው ይጠበቃል። ስልኩን ይወስዱበታል፣ አንዱ ይመጣና ያጫውተዋል። እህል እንዲቀምስ ይለምኑታል፤ መርዶው ከተነገረው በኋላ እህል በአፉ አይዞርማ። ከዚያ ሁሉም ሲሟላ ቤቱ ይወስዱትና ያረዱታል። እኔ ራሴ ስንቴ አብሬ ጠብቄያለሁ። እናቴ የሞተች ጊዜ ከትምህርት ቤት አውጥተው ኬክ ያበሉኝ ትዝ ይለኛል። ከዚያ ወዲህ ኬክ አልወድም።

ጋሼ ይግዛው እየጠበቁኝ ነው። ማን ሞተ?

መጀመሪያ ዘመዶቻችንን አንድ በአንድ በሐሳቤ ቆጠርኳቸው፤ ጎንደር ያሉትን፣ እዚሁ እስራኤል ኪርያት ጋት ያሉትን። አንድ ነገር ግን አልዋጥልኝ አለ። በኛ ቤተሰብ መርዶ የሚናገረው አባቴ ነው። አባቴን አለነን የማያውቅ የለም። ከጎንደር ጀምሮ ሥራው ነው፤ አዲስ አበባ ተሰብስበን አውሮፕላን ስንጠብቅም እሱ ነበር፣ እዚህም እሱ ነው። ሴቶች እሱ በጠዋት በራቸው ላይ ቆሞ ካዩት ገና አፉን ሳይከፍት ያለቅሳሉ። ሌላ ማንም ሰው ሞቶ ቢሆን ዛሬ እዚህ ቡሬካስ ይዞ የሚመጣው ጋሼ ይግዛው አልነበሩም። አባቴ ነበር የሚመጣው።

«ጋሼ» አልኳቸው። ድምፄ የኔ አልመስለኝ አለ። «አባባ እንዴት አደረ?»

ጎማውን ነው ያዩት። «ደህና ነው፤ እግዚአብሔር ይመስገን» አሉ፤ ላባቸው በግንባራቸው ወረደ።

ከብስክሌቱ ላይ እንዴት እንደወረድኩ አላውቅም። ኮታቸውን ያዝኩ። «ይንገሩኝ።»

«ምኑን ልንገርሽ ልጄ? ቤት ስንገባ…»

«አሁን!»

«ከኪርያት ጋት እየመጡ ነው፤ መንገድ ላይ ናቸው፤ እነሱ ይድረሱና…» አላስጨረሳቸውም፤ እንባቸው ቀደማቸው። እንደዚያ የተቆጣ ሰው፣ እንደዚያ ሲጮህ የኖረ ሰው፣ ሳግ ይዞት ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየሁ። «ወንድሜን» አሉ፤ «ወንድሜን…»

አባቴ። አባባ። ሐሙስ ማታ ደውዬለት «ኤላት ውሃ ጠጪ፣ ፀሐይ እንዳይመታሽ» ብሎኝ ነበር። መጮህ ፈለግሁ፤ የወጣው ግን ንዴት ነው። «እና ኮርቻ ያስመርጡኛል? አባቴ ሞቶ ጥቁር ፀሐይ ይስባል ይሉኛል? ምን ዓይነት ሰዎች ናችሁ! ስልኬን ይስጡኝ!» ሻሎም ቁልፍ በእጁ እንደያዘ ፈዞ ቆመ። አማርኛ አይሰማም፤ ግን ማንም ቢሆን ይገባዋል።

ስልኬን ከኪሳቸው ራሴ አወጣሁት። ድምፁን አጥፍተውታል። ያልተነሳ ጥሪ ሞልቶበታል፤ ሁሉም ከሺሪ ነው፣ ከወንድሜ ከጦቢያ ልጅ። የመጨረሻው አሁን የተደወለ ነው።

ለጦቢያ አልደወልኩም። ጦቢያ በአማርኛ «ደህና ነው፣ ዝም ብለሽ ነይ» ነው የሚለኝ፤ ያውም እያለቀሰ። ሺሪ ግን እዚህ ተወልዳ እዚህ ያደገች ናት፤ ነርስ ልትሆን ትማራለች፤ እኔን በዕብራይስጥ ዶዳ፣ አክስቴ፣ አባቴን ደግሞ ሳባ፣ አያቴ ትላለች፤ የጠየቋትን በዕብራይስጥ ቁርጥ አድርጋ ትናገራለች። ስንቴ «ይቺ ልጅ አፏ ወንፊት የለውም» ብዬ አምቻታለሁ። ገና ሳይጮህ አነሳችው።

«ዶዳ! የት ነሽ? ከጠዋት ጀምሮ እየደወልኩ…»

«ሺሪ፣ ሳባ ሞተ?»

«ምን? ማን አለሽ?»

«ሞተ ወይስ አልሞተም!»

«አልሞተም! እዚህ ሆስፒታል ነው፣ እያየኝ ነው! ዶዳ ስሚኝ፤ ከልቡ የሚወጣው ትልቁ ደም ሥር ተሰንጥቋል። ቀዶ ጥገና ሊያስገቡት ነው። ትዋበች ሳትመጣ አልገባም ብሎ አስቸገረ፤ ሐኪሙ ደግሞ ከዚህ በላይ አልጠብቅም አለ። እየወሰዱት ነው። አልዋሽሽም ዶዳ፣ እንደዚህ ሆነው ከሚገቡት ግማሹ አይወጡም ብሎኛል። ነይ!»

ብስክሌቱን ያዝኩ። «አለ!» ብዬ በአማርኛ ጮኽኩ። «ጋሼ፣ አለ! በሕይወት አለ!»

ጋሼ ይግዛው ወለሉ ላይ ቁጭ አሉ። «ታዲያ ጦቢያ…» አሉ፤ አፋቸው ተሳሰረ። ጦቢያ ጠዋት ደውሎ ያላቸው ይኸው ነው፦ አባባን ሆስፒታል አስገብተነዋል፣ ትዋበችን ፈልገው ያምጡልን፣ እንዳትደነግጥ በስልክ አይንገሯት። እኚህ ሽማግሌ ደግሞ ዕድሜያቸውን ሙሉ እንደዚህ ተብሎ ሰው ሲተርፍ አይተው አያውቁም። እንዴት ነው ብሎ መጠየቅም ነውር ነው። የቀረውን ራሳቸው ሞሉት። ኮታቸውን ለበሱ፣ ኪርያት ጋት ደውለው ሽማግሌ ጠሩ፣ እስኪመጡ እኔን ሊያቆዩ ቡሬካስ ገዝተው መጡ። ጦቢያ በደወለ ቁጥር ልቅሶውን እንዳልሰማ ብለው ስልኩን ደረታቸው ላይ አፈኑት። ወንድማቸው አልጋ ላይ ሆኖ «ልጄን ጥሩልኝ» ሲል፣ እሳቸው እዚህ አልቅሰው ጨርሰውታል።

በንዴት ልበላቸው ደረስኩ። ግን ጊዜ የለም።

ታክሲ? ዓርብ፣ ሰንበት ሊገባ ሲል? ይህን መንገድ በየቀኑ እነዳዋለሁ። በዚህ ሰዓት ከተማው ሁሉ ለገበያ ወጥቶ አደባባዩ ላይ ተጋግሮ ነው የሚውለው። መኪና ውስጥ ከገባሁ እዚያው ነው የምቀረው። ሆስፒታሉ ደግሞ ሩቅ አይደለም።

«ሻሎም፣ ይሄን አውርደው» አልኩት።

«አላለቀም እኮ! የመሪው ብሎን አልጠበቀም፣ የፊት ፍሬን የለውም…»

«አባቴ ሊሞት ነው፣ ሻሎም!»

ብስክሌቱን ከማቆሚያው ፈታው፣ የመሪውን ብሎን ሁለቴ አዙሮ አጠበቀ፣ የራሱን የራስ ቁር አናቴ ላይ አጠለቀልኝ። «የኋላውን ፍሬን ብቻ! ቀስ እያልሽ ያዢው፤ ድንገት ከያዝሽው ይንሸራተታል!» እሱ ይህን ሲል እኔ መንገድ ላይ ነኝ።

አዲስ ብስክሌት እንደ አዲስ ጫማ ነው፤ ሁሉ ነገሩ ይቃወምሃል። ማርሹን ላቀል ስል አከበድኩት። ኮርቻው በልክ ስላልጠበቀ በረገጥኩት ቁጥር ወደ ግራ ይዞራል፤ በጭኔ እየመለስኩ ረገጥኩ። ሱፐርማርኬቱ ፊት ለፊት መኪኖቹ እንዳልኩት ቆመው ጥሩምባ ይነፋሉ። በአውቶቡሶች መስመር ገባሁ። ከኋላዬ ጥሩምባ ሲያንባርቅ ዞር ብዬ ባይ ባልደረባዬ ኢሪት ናት፤ እጇን አውጥታ «አብደሻል?» ትለኛለች። አብጃለሁ! አባባ፣ እንዳትገባ። አባባ፣ ትንሽ አስቸግራቸው። ሌላ ጊዜ ሐኪም ቤት ውስጥ እንዲህ ሲያስቸግር አፍሬበታለሁ፤ ዛሬ ጩህ፣ ተሳደብ፣ ቱቦውን ንቀል ብዬ ለመንኩት።

ቁልቁለቱ ላይ መብራቱ ቀይ ሆነ። የፊት ፍሬን የለኝም። የኋላውን ቀስ ብዬ ያዝኩ፤ አላቆመኝም። ትንሽ ጨመርኩ፤ ጎማው ወደ ጎን ሸሸብኝ፣ ከጎኔ አንድ የጭነት መኪና እየዞረ ነው። ለቀቅኩት። ዓይኔን ጨፍኜ ነው ያለፍኩት ብል ውሸት አይሆንም። የሹፌሩ ስድብ እስከ ጥግ ተከተለኝ። እኔም በሹፌርነቴ እሱን ብሆን ከዚያ የባሰ እሳደብ ነበር።

የሆስፒታሉ በር ላይ ብስክሌቱን ግድግዳው ሥር ጥዬው ገባሁ። ሺሪ በሩ ላይ ቆማ ነበር። እጄን ይዛ ስትሮጥ ሰው እየገፋን አለፍን። «ሊፍቱ ጋ ናቸው፤ ሠራተኛውን ሊፍቱን ያዝልኝ ብዬ ለምኜዋለሁ» ትላለች፤ እሷም ታለቅሳለች።

ተሽከርካሪ አልጋ ላይ ነበር። አንድ ሠራተኛ የሊፍቱን በር በእግሩ ይዞ ሰዓቱን ያያል። ጦቢያ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሯል። አባቴ አንሷል። ሐሙስ ማታ በስልክ ያናገርኩት ሰው ያን ያህል ሊያንስ አይችልም። ከንፈሩ አመድ መስሏል። ቀና ብሎ አየኝ፤ የራስ ቁር ያጠለቅኩ፣ እጄ በብስክሌቱ ግራሶ የጠቆረ፣ ላቤና እንባዬ የተቀላቀለ። ዓይኑ ፈጠጠ።

«ማን ሞተ?» አለኝ።

«ምን?»

«አትደብቂኝ፣ ትዋበች። ፊትሽን አያለሁ። ማንን ልታረጂኝ ነው የመጣሽ?»

ሳቄና ልቅሶዬ አንድ ላይ ወጡ። «አንተን ነው፣ አባባ! ጋሼ ይግዛው ሞቷል ብለው ከኪርያት ጋት ሽማግሌ ጠርተውልሃል!»

«ይግዛው?» አለ። «ሳልሞት? ድሮም ችኩል ነው።» ሊስቅ ሞከረ፤ ሕመሙ ወጋውና ተወው።

«እመቤት፣ መሄድ አለብን» አለ ሠራተኛው።

አባቴ እጄን ያዘ። ጣቶቹ ቀዝቅዘዋል። «ሐኪሙ ለሺሪ ሲነግራት እዚሁ ነበርኩ» አለኝ። «ዕብራይስጣቸው ፈጣን ነው፣ አልያዝኩትም። ጦቢያን ብጠይቀው ግድግዳ ያያል። አንቺ አትዋሺኝም። ምን አሉ?»

ሺሪ አየችኝ። በስልክ ያለችኝን ደግሜ እንድናገር እየጠበቀች እንደሆነ አወቅኩ። እኔም ብሆን፣ ገና አሁን የሽማግሌ ኮት ይዤ «ደበቃችሁኝ» እያልኩ ስጮህ ነበር የመጣሁት። አፌን ከፈትኩ። የአባቴን ፊት አየሁና ቃሉ አልወጣልኝ አለ።

«ቀላል ነው አሉ፣ አባባ» አልኩት፤ አንገቴን ደፍቼ ብርድ ልብሱን እያስተካከልኩ። «ትንሽ ነገር ናት። ቶሎ ትወጣለህ።»

ከጎንደር ጀምሮ በስንቱ ደጅ ቆሞ «ትንሽ አሞታል፣ ደህና ይሆናል» ሲል የኖረ ሰው ነው። እጁን ከእጄ አላወጣም።

«ልጄ» አለኝ ቀስ ብሎ፣ «እንዲህ ስትይ ብርድ ልብስ አትነካኪ። የሰውየውን ዓይን ዓይኑን እያየሽ ነው የሚባለው።»

ሠራተኛው አልጋውን መግፋት ጀመረ። እጁን ሳልለቅ እስከ ሊፍቱ በር አብሬ ሄድኩ። ቀና አልኩ፤ ዓይን ዓይኑን እያየሁ፣ «ቀላል ነው አሉ፣ አባባ» አልኩት።

«እንደሱ» አለኝ፤ በሩም ተዘጋ።